ድምፁን ያልሰማነው

በጅቡቲ ባቡር፣ ከሩዝ ጆንያ ጋራ፣
ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተጠምጥሞ በተራ፣
ድሬ ገባ ዛሪፍ።
የጉምሩኩ ጸሐፊ ስንት ሰው እንዳለ መች ገብቶት ከውስጡ፣
«ፊልም፣ ስምንት ጥቅል» ብሎ መዘገበው፣ ላቡ እየነጠበ እስከ ወረቀቱ።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ከሙሴ ያኒ ሲኒማ፣ ከዚራ፣ ከኒሙ ሥር፣
ያለቀውን ጥቅል ወደ ኋላ የማጠነጥን፣ የማሽኑ አሽከር።
ጣሪያው ሰማይ ነበር፤
ጨረቃ ስትሞላ የዛሪፍ ፊት ይገረጣል፣
የጭነቱ ባቡር ሲያፏጭ፣ ያቺ የምታለቅሰው ያለችው ይዋጣል።

ከመጋረጃው ጎን፣ ሽርጡን አሸርጦ፣
የቆርቆሮ መለከት ይዞ፣ በርጩማ ላይ ወጥቶ፣
ኡመርዲን ይተረጉማል።
ኡርዱ ግን አንዲት ቃል አያውቅም።
አያውቅም ስላችሁ፣ አያውቅም።

ዛሪፍ ከፈረስ ወርዶ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣
«አቦ፣ ውሃ ስጡኝ፤ ከሽንሌ እዚህ ድረስ
በእግሬ ነው የመጣሁ» ይላል በመለከት።
ሰዉ ይስቃል፣ ያለቅሳል፤ ኋላም ሲገባ ቤት
ዛሪፍ የድሬ ልጅ ነው፤
ከመጋላ ነው፣ ከገንደ ቆሬ ነው፣ በዚያ ብቻ ነው የምንጣላው።

በዕረፍት፣ ሳምቡሳ ሲዞር፣ ሕይወቱን ይነግረናል፦
አባቱ ልብስ ሰፊ፣ ሲንጀሩ የሚያነክስ፤
ልጁ ቁልፍ ለቃሚ፣ በላሆር ጠባብ መንገድ።
አንድ ቀን «ሱሪ አድርስ» ተብሎ ፊልም ከሚሠሩበት ግቢ ሄደ፤
ተዋናዩ ታሞ አልመጣም፤ «አንተው ልበሰው» አሉት።
ልክ ሆነው።
በዚያው ቀረ።

ለኡመርዲን ማን ነገረው? አልጠየቅንም።
ልክ የሆነ ሱሪ አይጠየቅም።

ዓመት ዓመትን ሲጎትት፣ ፉርጎን እንደ ፉርጎ፣
ዛሪፍም ይመጣል፣ የአምናውን ሰው ጥሎ፣ ሌላ ሰው አድርጎ፦
መጀመሪያ አፍቃሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ዝናብ፤
ኋላ ታላቅ ወንድም፣ እህቱን ሊድር በዕዳ የሚንገበገብ፤
ቀጥሎ አባት ሆነ፣ ሽበቱ የዱቄት፤
ቀጥሎ ደግሞ አባት፣ ሽበቱ የእውነት።

ደቻቱ በሞላ ክረምት የመጣው የመጨረሻው ነው።
ጥቅል አንድ፣ ጥቅል ሁለት፤ ዛሪፍን ፈለግነው።
ለካስ ግድግዳው ላይ ነው!
ፎቶ። ከመስተዋቱ ላይ የደረቀ አበባ።
የሟች አባት አድርገውት፣ አፍ የለው፣ እጅ የለው።
«ለዚህ ስንት ከፈሉት ይሆን?» አለ ሙሴ ያኒ፣ እውነት ከልቡ።

ኡመርዲን መለከቱን አነሣ።
«ልጄ» አለ ፎቶው፣ «በሩን አትቆልፊው፤ ቤቱ ይሞቃል፤
እኔ የትም አልሄድኩ፤ ይልቅ ዘይቱ ያርራል።»
አንድ ሺህ ሰው ዝም።
የኦቾሎኒ ገለባ እንኳ የሚረግጥ የለም።

በሳምንቱ ጉሮሮው ተዘጋ።
ሙሴ ያኒ የድሮውን ጥቅል፣ ነጭ ሸሚዙን አስገባ።
በሃያ ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ዛሪፍ በገዛ አፉ ድሬ ላይ ተናገረ።
ወፍራም ነው ድምፁ፣ ዝግ ያለ፤
ቃሉን ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚውጥ፣ የሆነ ነገር የደበቀ።
«አቦ፣ ይሄ ደግሞ ማነው? የኛን ዛሪፍ አምጡ!»
ጠርሙስ ተወረወረ።
«ድምፁን ዝጋው» አሉኝ።
ዘጋሁት፤ በነዚህ ጣቶቼ።

ብዙ ቆይቶ፣ ጣይዋን አንድ የካራቺ ነጋዴ፣ የመኪና ዕቃ ሻጭ፣
ስሙን ስጠራለት ከወንበሩ ተነሣ።
«ሞተ እኮ፤ በዕዳ፣ በኪራይ ቤት» አለኝ።
ስለ ሱሪው ሰምቶም አያውቅ፤ አባቱ ዳኛ ነበሩ።
«ፊቱንማ ማን ያየዋል?» አለ፣ «አገር ያበደው
በድምፁ ነበር፣ በድምፁ።»

አሁን በልጅ ልጄ ስልክ፣ ማታ ማታ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣
ዓይኔን ጨፍኜ እሰማዋለሁ።
አይገባኝም። አንዲት ቃል።
ይናገር፣ ይናገር እላለሁ፤ ዕዳ አለብኝ።
ከፈረሱ ሲወርድ ግን፣ ኮቴው ዝም ሲል፣
ከንፈሬ ይቀድመዋል፦
«አቦ፣ ውሃ ስጡኝ…»